«ዛሬ ሞልቷል»፦ ጥቁር ዳንሰኛ የሥራ ቦታዋን ስትመርጥ

አዲስ አበባ ያደገች ሴት «ሞልቷል» የሚለውን ቃል አሳምራ ታውቀዋለች። ረዳቱ በሩን ይዘጋል፣ ታክሲው ይሄዳል። ቢያንስ ግን ወንበሮቹ መያዛቸውን በዓይንሽ ታዪያለሽ። እኔ ሂውስተን ውስጥ የሰማሁት «ሞልቷል» እንደዚያ አልነበረም። ሐሙስ ማታ ነው። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ከአትላንታ 12 ሰዓት ያህል ነድተን ደርሰናል። የሥራ ልብሳችንን በሻንጣ ይዘን የክለቡ የጎን በር ላይ ቆምን። ማናጀሩ አየን፣ ስልኩን አየ፣ «ዛሬ ሞልቷል» አለን። ከኋላችን የነበሩ ሁለት ነጭ ልጆች ግን ምንም ሳይባሉ ገቡ። እኔ ግራ ገብቶኝ ቆሜ ቀረሁ። ጓደኛዬ የአላባማ ልጅ ናት፣ ነገሩን ከእኔ ቀድማ ታውቀዋለች። እጄን ይዛ ወደ መኪናው እየወሰደችኝ «ለእኛ ነው የሞላው» አለችኝ።

ስምንት ዓመት በስትሪፕ ክለብ፣ ልብስ እያወለቁ በሚደነስበት ቤት፣ ዳንሰኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። በዲቪ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ሜሪላንድ ውስጥ ማታ አረጋውያን መጦሪያ ቤት፣ ቀን ደግሞ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ለምን ወደዚህ ሥራ እንደገባሁ እዚህ አልዘረዝርም። ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው፣ መልሱም ብዙ ጊዜ የቤት ኪራይና ቤተሰብ ነው። የምጽፈው ከሐበሻ ልጆች ደጋግሞ ስለሚደርሰኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ «የት ልሥራ?» ግቢበትም አትግቢበትም አልልሽም። ከወሰንሽ ግን እኔ ዓመታት የፈጀብኝን ነገር አንቺ በአንድ ቁጭታ ብታነቢው ደስ ይለኛል። ቴክሳስ ከ2021፣ ፍሎሪዳ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ከ21 ዓመት በታች የሆነች ሴት በዚህ ሥራ እንዳትቀጠር ከልክለዋል። ትክክል ነው እላለሁ፤ እኔ በ19 ዓመቴ ብገባበት ኖሮ እንዴት እሆን እንደነበር ሳስበው ይዘገንነኛል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ገንዘቡ እንዴት እንደሚሄድ ይግባሽ። በአብዛኛው ክለብ ዳንሰኛ ደመወዝ የላትም። ለመሥራት የምትከፍለው እሷ ናት። ስትገቢ «ሀውስ ፊ» የሚሉት የቤቱ ክፍያ አለ። ስትወጪ ለዲጄው፣ ለጥበቃው፣ ልብስ መቀየሪያውን ለምትጠብቀው ሴትዮ ቲፕ ትሰጫለሽ። ለአንድ ደንበኛ ብቻ ከሚደነሰው የግል ዳንስ ቤቱ ድርሻውን ይወስዳል። ካረፈድሽ ቅጣት አለ። አንድ ማታ 310 ዶላር ሠርቼ 190 ከፍዬ ወጥቻለሁ። ስለዚህ አንዷ «እዚያ ቤት ብር አለ» ስትልሽ፣ «አንቺ ስንት ይዘሽ ወጣሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። አትላንታ ውስጥ በ2011 አንድ የፌዴራል ዳኛ የአንድ ክለብ ዳንሰኞች ተቀጣሪ እንጂ ኮንትራክተር፣ ማለትም በውል ለራሳቸው የሚሠሩ፣ አይደሉም ብሎ ፈርዷል፤ ተቀጣሪ ከሆንሽ ደግሞ ቢያንስ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ይገባሻል። ብዙ ቤቶች ግን ዛሬም በኮንትራክተር ወረቀት ነው የሚያስፈርሙሽ።

ለጥቁር ሴት ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ። በሩን ያስገቡኛል ወይ? ካስገቡኝስ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት?

የጀመርኩት ዲሲ ነው። ለእኛ ሰው ዲሲ የራሱ ፈተና አለው። ኡበሩን የሚነዳው፣ ፓርኪንጉን የሚጠብቀው፣ ጥጉ ላይ ያለውን ሱቅ የከፈተው ሐበሻ ነው። አንድ ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥቼ የጠራሁት ኡበር ሹፌር አክስቴ ከምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሰውዬ ሆነው ተገኙ። የት እንደቆምኩ አይተዋል። መንገዱን ሙሉ አንድም ቃል አላወጡም። ቤቴ ስደርስ «በሰላም ግቢ፣ ልጄ» አሉኝ። ለማንም አልተናገሩም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ ግን ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። እናቴ ሆቴል እንደምሠራ ነው የምታውቀው። ከከተማው የወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው። አንቺም ቦታ ስትመርጪ ይህን ከምክንያቶችሽ ውስጥ ብታስገቢው አትፈሪ ወይም አታፍሪ። ጭንቀት ይዘሽ የምትሠሪበት ቤት ገንዘቡ ቢበዛም አይበረክትልሽም።

አትላንታ ሄድኩ። ክላርክስተን አካባቢ ሐበሻ ሞልቷል፣ ከተማው ግን ሰፊ ነው፤ ከምትኖሪበት ርቀሽ መሥራት ትችያለሽ። ከዚያ በላይ ደግሞ አትላንታ ጥቁር ክለብ ያለበት ከተማ ነው። ማጂክ ሲቲ የሚባለው ክለብ ከ1985 ጀምሮ አለ። የሂፕ ሆፕ ሰዎች አዲስ ዘፈን ሲያወጡ መጀመሪያ ክለብ ወስደው ለዲጄ ይሰጣሉ፤ ዳንሰኞቹ ከተነሱበት ዘፈኑ ይሄዳል ማለት ነው። ያንን የሚወስኑት ጥቁር ሴቶች ናቸው። በመጀመሪያው ማታዬ የተሰማኝን አልረሳውም። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ሁሉም ዓይነት ጥቁር አለ፤ የጠቆረች፣ የቀላች፣ ወፍራም፣ ቀጭን፣ ሹሩባ፣ ዊግ፣ የተላጨች። ፀጉሬን ማንም አልነካውም፣ ስለ ፀጉሬም ማንም አልጠየቀኝም። ትከሻዬ ላይ ይዤው የኖርኩት ሸክም እንደነበር ያወቅኩት ያን ማታ ሲወርድ ነው።

ይህ ማለት ግን ጥቁር ክለብ ሁሉ ይመችሻል ማለት አይደለም። ሥራው ከባድ ነው። ቅዳሜ ማታ 60 ሴት በአንድ ፈረቃ ሊሠራ ይችላል። ገንዘቡ በአብዛኛው በአንድ በአንድ ዶላር ወለል ላይ የሚበተን ነው፤ እኔ የሠራሁበት አንድ ቤት ዝርዝሩን ለደንበኛ ሲለውጥም፣ ከእኛ መልሶ ሲገዛም ከመቶ 10 ይቆርጥ ነበር። ልጆቹ ምሰሶ ላይ የሚሠሩት ነገር ጂምናስቲክ ነው። እኔ ስድስት ወር ልምምድ ፈጅቶብኛል፣ ጉልበቴ ዛሬም ያመኛል። ሰውነትን በቀዶ ጥገና የማስተካከሉ ግፊትም እዚያ ይበረታል። በብድር ተሠርታ ብድሯን ለመክፈል ብቻ ሁለት ዓመት የሠራች ልጅ አውቃለሁ። እባክሽ እሷ የሄደችበትን መንገድ አትሂጂ።

መልክም እዚያው በጥቁር ቤት ውስጥ ይለያያል። ደንበኛው ጥቁር ሆኖም ቀላ ያለችውን ያስቀድማል። በ2017 ኒውዮርክ ውስጥ ጥቁር ዳንሰኞች አድማ የመቱት በዚህ ነው። ክለቦቹ ቀላ ያሉ የባር ሠራተኞችን እንደ ኮከብ እያስተዋወቁ፣ የሚበተነው ገንዘብ ወደ ባሩ ሲሄድ ዳንሰኞቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ያን ዜና ስሰማ አትላንታ ውስጥ ከምሠራበት ቤት ባር ፊት ለፊት ቆሜ ይህንኑ ያየሁበት ማታ ነው ትዝ ያለኝ።

አሁን ወደ ሌሎቹ ቤቶች ልሂድ፤ ነጭ ደንበኛ ወደሚበዛባቸው። ዳንሰኞች ወደነሱ የሚሳቡበት ምክንያት አለ። የሴቶቹ ቁጥር ያንሳል። ለግል ዳንስ ዋጋው የተቆረጠ ነው። ለስብሰባ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው በአንድ ማታ የሳምንት ኪራይሽን ሊከፍልልሽ ይችላል። ችግሩ እነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ጥቁር ሴትን በቁጥር ነው የሚይዙት። አንድ፣ ሁለት፣ በጣም ቢበዛ ሦስት በፈረቃ። የትም አልተጻፈም። የሚነገርሽም እንደዚያ አይደለም። «ዛሬ ሞልቷል»፣ «ማክሰኞ ቀን ሞክሪ»፣ «ለቤታችን የሚሆን ገጽታ እየፈለግን ነው» ነው የሚሉሽ። ማክሰኞ ቀን ደግሞ ሰው የለም።

እኛ ሐበሾች በዚህ ነገር ውስጥ ያለንበትን ቦታ ሳልናገር ባልፍ ዋሽቻለሁ። ከአላባማዋ ጓደኛዬ ጋር አንድ ቤት ለኦዲሽን፣ ማለት ዳንሳችንን አሳይተን ለመቀጠር፣ ሄድን። እሷ ከእኔ ትጠቁራለች፣ ከእኔ የተሻለች ዳንሰኛም ናት። ማናጀሩ እሷን መለሳት። እኔን «ከየት ነሽ?» አለኝ። ኢትዮጵያ ስለው ፊቱ ፈካ። «አንቺ እንደነሱ አይደለሽም» አለኝ። ልጅ ሆነን ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም እየተባልን ስንለካ አድገናል። ያ ልኬት እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ ለእኔ በር ሲከፍት፣ ለጓደኛዬ ሲዘጋ በዓይኔ አየሁ። እና ገባሁ። የኪራይ ቀን ደርሶ ነበር። እሷ ኡበር ጠርታ ሄደች። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ «ብርሽን ይዘሽ ወጥተሻል?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ከሦስት ወር በኋላ እዚያው ቤት ሹሩባ ተሠርቼ ስሄድ «ዊግ ካላደረግሽ መድረክ አትወጪም» ተባልኩ። እንደነሱ ያልሆንኩት ፀጉሬ እስኪታይ ድረስ ነበር። «አንቺ ትለያለሽ» የሚልሽን ማናጀር እንዳታምኚው።

ታዲያ እንዴት ትመርጪያለሽ? ሄደሽ እዪ። ሥራ ሳትጠይቂ፣ እንደ ደንበኛ፣ ልትሠሪበት በምታስቢው ቀንና ሰዓት። አንዳንድ ክለብ ሴት ብቻዋን አያስገባም፤ የምታምኚው ሰው ይዘሽ ሂጂ። ተቀምጠሽ ቁጠሪ። ስንት ሴት አለ? ስንቷ ጥቁር ናት? ከእነሱ ውስጥ ስንቷ ከአንቺ የጠቆረች ናት? የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት ብዙ የምትነግርሽ። የጠቆሩት የሌሉበት ቤት አንቺን ቢያስገባም እስከ ጊዜው ነው። የራሷ ፀጉር ወይም ሹሩባ ያላት አለች? ዲጄው ጥቁሮቹን መድረክ የሚጠራቸው ቤቱ ሲሞላ ነው ወይስ ገና ባዶ እያለ? ሂፕ ሆፕ ጭራሽ አይጫወትም? «ሂፕ ሆፕ አይፈቀድም» የሚል ቤት ብዙ ጊዜ ማንን እንደማይፈልግ እየነገረሽ ነው። የክለቡን ገጽ ስልክሽ ላይ ክፈቺና ፎቶዎቹን እዪ። ከዚያ ከጥቁሮቹ አንዷን አናግሪ። መጀመሪያ ግን ቲፕ ስጫት፤ ሰዓቷ እንጀራዋ ነው። ከእሷ ጋር ያለው የአሥር ደቂቃ ወሬ ከማናጀሩ የአንድ ሰዓት ወሬ ይበልጣል። እኔ የሠራሁባቸውን ጥሩ ቤቶች ሁሉ ያገኘሁት በሌላ ጥቁር ሴት አፍ ነው።

ያየሽውንና የተባልሽውን በደብተር ጻፊ። ይህን ስል ለነገሩ ያህል አይደለም። ሚሲሲፒ ውስጥ ጃክሰን ከተማ አንድ ክለብ ጥቁር ዳንሰኞችን ፈረቃ ይቀንስባቸው፣ ነጮቹ የማይከፍሉትን ቅጣት ያስከፍላቸው፣ ገቢው ወደሚያንስ ሌላ ክለብም ያስገድዳቸው ነበር። ኢኢኦሲ የሚባለው የፌዴራል የሥራ እኩልነት መሥሪያ ቤት ከሰሰላቸው። በ2019 የፍርድ ቤት ጁሪ ለአምስት ሴቶች 3.3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈረደላቸው። ዜናውን መጀመሪያ ሳነብ አለቀስኩ። እውነት ነው የማየው ብዬ ደግሜ አነበብኩት።

ሂውስተን ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። አንዲት ጥቁር ዳንሰኛ «ጥቁር በዝቷል» እየተባለች ከክለብ በር ስትመለስ ኖራ በ2021 ከሰሰች። የከሰሰችበት ሕግ በ1866 ከወጣው የዜጎች መብት ሕግ የመጣ ነው፤ ኮንትራክተር ብትሆኚም ያገለግልሻል፣ የጊዜ ገደቡ አራት ዓመት ነው። ፍርድ ቤቶቹ አድልዎው የጀመረው ከዓመታት በፊት ስለሆነ፣ የኋላው የዚያ ተከታይ ነው፣ ጊዜው አልፏል ብለው ዘጉባት። ጁን 2025 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት አልተቀበለም። ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ግን ተቃውሞ ጻፉ፣ ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮርም አብረዋቸው ቆሙ። ነጥባቸው እያንዳንዱ መከልከል ራሱን የቻለ በደል ነው የሚል ነው። እኔ በዚያው ከተማ በር ላይ «ሞልቷል» ስባል ቀኑን እንኳ አልጻፍኩም። ሐሙስ እንደነበር ብቻ ነው የማስታውሰው።

ስለዚህ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን ምን እንዳለሽ፣ ማን ከኋላሽ እንደገባ ጻፊ። የጽሑፍ መልእክት ከላኩልሽ ፎቶ አንሺው። ለኢኢኦሲ አቤቱታ የሚቀርበው በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ በብዙ ስቴት 300 ቀን ይደርሳል። ቀኑ ይሮጣል፣ ስትናደጂ ወር አለፈ፣ ስትረጋጊ ዓመት ሞላ።

ፖርትላንድ አሥር ቀን ብቻ ነው የሠራሁት። ክለቡ ብዙ፣ ጥቁሩ ጥቂት የሆነበት ከተማ ነው። በ2020 እዚያ ጥቁር ዳንሰኞች ሰልፍ ወጥተው ክለቦቹ ስለ ዘር አድልዎ ሥልጠና እንዲወስዱ ጠይቀዋል። በዚያ የተነሳ የሚያናግርሽ ሰው ታገኛለሽ፤ ገንዘቡ ግን ለእኔ ከአውሮፕላን ቲኬቱ ብዙም አልበለጠም። ሲያትል አካባቢ ካሰብሽ ደግሞ የዋሽንግተን ስቴት በ2024 ያወጣውን ሕግ እወቂ። ክለቡ በአንድ ፈረቃ ከአንቺ የሚወስደው ከ150 ዶላር ወይም ከገቢሽ 30 በመቶ፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው አይበልጥም። ጥበቃ ማቆም፣ የግል ክፍል ውስጥ የአደጋ ጊዜ ደወል ማድረግ ግዴታ ነው። 310 ሠርቼ 190 የከፈልኩባትን ማታ አስቢ፤ በዚህ ሕግ ቢሆን 93 ነበር።

ለእኛ ለስደተኞች አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ቦታ ስትመርጪ ወሳኙ ይሄ ሊሆን ይችላል። ሕጋዊ የሥራ ፈቃድ ወይም ግሪን ካርድ ካለሽ ዳንስ ሕጋዊ ሥራ ነው። የተማሪ ቪዛ ላይ ካለሽ ግን አትሥሪ፣ ቪዛሽን ታጪያለሽ። ከዳንስ አልፎ በሴተኛ አዳሪነት መከሰስ ደግሞ ግሪን ካርድሽንም ዜግነት የማግኘት ዕድልሽንም ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ የግል ክፍሉ ውስጥ የሚደረገውን አይቶ እንዳላየ የሚሆን ቤት፣ ወይም «ደንበኛውን አስደስቺው» እያለ የሚገፋሽ ማናጀር ያለበት ቤት፣ አሜሪካዊቷ ብትችለው አንቺ አትችዪውም። ፖሊስ ቢመጣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታናግሪ ምንም ጥፋት አትቀበዪ፣ ምንም አትፈርሚ። አንዳንድ ከተማ ደግሞ ለዳንሰኛ የሥራ ፈቃድ ወረቀት ይጠይቃል፤ ስምሽ የት እንደሚመዘገብ ቀድመሽ ጠይቂ።

ታክስሽን ክፈዪ። ለራሷ የምትሠራ ሴት ከሌላው ታክስ በላይ 15.3 በመቶ ትከፍላለች፣ በየሩብ ዓመቱ በአፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ። ሀውስ ፊውን፣ ልብሱን፣ ጫማውን ከገቢሽ ላይ ታስቀንሻለሽ፣ ደረሰኝ ከያዝሽ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አልከፈልኩም ነበር። ቤት ልከራይ ስሄድ የገቢ ማስረጃ የለኝም፣ ገንዘብ ግን ኪሴ ውስጥ አለ። አፓርታማው ተከለከልኩ።

ገቢው ደግሞ ወጥ አይደለም። ጃንዋሪ ሁሌም ደረቅ ነው። አትላንታ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ዕቁብ ጀመርን። ስድስት ነን፤ ሁለት ሐበሻ፣ አንዲት የሄይቲ ልጅ፣ ሦስት የጥቁር አሜሪካ ልጆች፣ አንዷ ያቺው የአላባማ ጓደኛዬ። በሳምንት 200 ዶላር። መጀመሪያ ስነግራቸው «ያለ ባንክ? በእምነት?» አሉኝ። ዛሬ የዕቁቡ ዳኛ የአላባማዋ ጓደኛዬ ናት፣ አንድ ቀን ያረፈደባትን አታልፍም። ዕጣ ስናወጣ የትኛው ቤት ማንን እንደመለሰ፣ የትኛው ማናጀር እንደተቀየረ፣ የት እንደሚሻል ሁሉም ይወራል። አንዷ ወደ አዲስ ከተማ ስትሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕቁቡ ነው።

ባለፈው ወር ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የምትኖር ልጅ ደውላ ወደ ሻርሎት ልሄድ ነው አለችኝ። አንድ ክለብ በፎቶዋ ብቻ ተቀብሏታል። ኦዲሽን ከመሄድሽ በፊት ሂጂና እዪ አልኳት። እሑድ ዕለት መልሳ ደወለች።

«ሄጄ አየሁ።»

«ስንት ናቸው?»

«ሃያ ሁለት። አራቱ ጥቁር ናቸው።»

«ከአንቺ የጠቆሩት?»

«ሁለት። አንዷ ሹሩባ ናት፣ ቤቱ ሞልቶ እያለ ነው መድረክ የወጣችው።»

«አናገርሻት?»

«ነገ ቡና ልንጠጣ ነው። ደብተርም ገዝቻለሁ።»